የማኅበሩ ደጃፍና የቤተ መንግሥቱ ደጃፍ

ፍሬድሪክ ቺሉባ ንዶላ በተባለች የዛምቢያ ከተማ፣ አትላስ ኮፕኮ በሚባል የስዊድን ኩባንያ ቅርንጫፍ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሮ ይኖር ነበር። ቁመቱ አጭር፣ አንደበቱ የሰላ ሰው ነው። በመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ማኅበር በኩል ወጣና በ1974 የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1981 ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ ከሌሎች የማኅበር መሪዎች ጋር ያለ ክስ አሰሩት፤ ከወራት በኋላ ተፈታ። ኦክቶበር 31 ቀን 1991 ይኸው ሰው ካውንዳን በምርጫ ገጥሞ ከመራጩ ድምፅ ከመቶ ሰባ አምስት የሚበልጠውን ወሰደ። ዛምቢያን ከነፃነቷ ቀን ጀምረው 27 ዓመት የመሩት ሰው ቤተ መንግሥቱን ለቀድሞ እስረኛቸው አስረክበው ወጡ። (በዚህ ምዕራፍ የውጭው ታሪክ በአውሮፓውያን፣ የእኛው በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል።)

ዛምቢያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአንድ ፓርቲ የምትገዛ አገር ነበረች። ሌላ ፓርቲ ማቋቋም ወንጀል ነው፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም በመንግሥት እጅ ነው። ታዲያ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አገር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ከየት አመጣ? አላመጣም፤ አስቀድሞ ተሠርቶ ቆይቶታል። በእያንዳንዱ የመዳብ ማዕድን፣ በየባቡር ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ ተመራጭ ያለው፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ስብሰባ መጥራትና ቃለ ጉባኤ መያዝ የሚያውቅ ማኅበር ነበረ። ከገዥው ፓርቲ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ እንዲህ ያለ መዋቅር የነበረው እሱና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበሩ።

ስለ ሠራተኛ ማኅበር የሚጻፉ የበለጸጉ አገሮች መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአሠሪና ከሠራተኛ ነው። ባለፋብሪካው በአንድ ወገን፣ ሠራተኛው በሌላ ወገን ይቀመጣሉ፤ በመካከል የኅብረት ስምምነት ይፈረማል፤ መንግሥት እንደ ሽማግሌ ዳር ሆኖ ያያል። በድሃ አገር ይህ ሥዕል ብዙም አይሠራም። ካውንዳ በ1969 የመዳብ ማዕድኖቹን 51 ከመቶ ድርሻ መንግሥት እንደሚወስድ ካወጁ በኋላ፣ ለማዕድን ቆፋሪው ደመወዝ የሚቆርጥለት መንግሥት ሆነ። ያ ደመወዝ ገበያ ወጥቶ የሚገዛውን የበቆሎ ዱቄት ዋጋም የሚተምነው መንግሥት ነው። ቆፋሪው «ደመወዜ አይበቃኝም» ሲል የሚሰማው ባለሥልጣን ነው፤ አድማ ሲመታም አድማው ፈለገም አልፈለገ በመንግሥት ላይ ነው። «ማኅበሩ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አለበት ወይስ የለበትም?» የሚለው የተለመደ ክርክር ከዚህ የተነሣ ለእኔ ባዶ ይመስለኛል። ጥያቄው ማኅበሩ የቤተ መንግሥቱ በር ድረስ ከደረሰ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ነው፤ ይገባል? ይመለሳል? ወይስ ደጃፉ ላይ ይቆማል?

የሠራተኞቹ ቁጥር ትንሽ መሆኑም አያታልለን። በአብዛኛው የአፍሪካ አገር በደመወዝ የሚተዳደረው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ገበሬና በየመንገዱ የሚቸረችረው ነው። ነገር ግን እነዚያ ጥቂቶች የቆሙበት ቦታ ሌላ ነው። የዛምቢያ የውጭ ምንዛሪ ዘጠና ከመቶው ያህል ከመዳብ በሚመጣበት ዘመን፣ መዳቡ የሚወጣው በአንድ ጠባብ ቀበቶ ካሉ ጥቂት ከተሞች ነበር። ባቡሩ ከቆመ፣ ወደቡ ከተዘጋ፣ መብራት ኃይል ሥራ ካቆመ፣ የመንግሥት ካዝና የሚደርቅበት ቀን ሩቅ አይደለም። ቅኝ ገዥዎች ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። በ1935 በዚሁ የመዳብ ቀበቶ ቆፋሪዎች በግብር ጭማሪ ላይ ሲነሡ የእንግሊዝ ፖሊስ ሉዋንሽያ ላይ ተኩሶ 6 ሰው ገደለ። ያኔ ማኅበር የሚባል ነገር ገና አልነበራቸውም።

እንግሊዝም ሆነ ፈረንሳይ ማኅበራቱን የፈቀዱት ሠራተኛውን ከብሔርተኞቹ ለይተው ስለ ደመወዝ ብቻ እንዲያወራ ለማድረግ ነበር። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ኬንያ ውስጥ በማው ማው አመፅ የተነሣ በ1953 የአፍሪካውያኑ ፓርቲ ሲታገድ፣ ሳይታገድ የቀረው የሠራተኛ ፌዴሬሽን ነበረና የወጣቱ የማኅበር መሪ የቶም ምቦያ መድረክ ሆነ። ጊኒ ውስጥ የማኅበር መሪውን፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑትን ሴኩ ቱሬን ሴኩ ቱሬ ያደረገው በ1953 የተመታው ከሁለት ወር በላይ የቆየ አድማ ነው። ፓርቲ በሌለበት ወይም በታገደበት ቦታ የማኅበሩ ቢሮ የፓርቲን ሥራ ይሠራል፤ ይህ ደግሞ በቅኝ ግዛት ብቻ ያበቃ ነገር አይደለም።

ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ የጠለቀው ግን ቱኒዚያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ትንሽ እንቆይ።

ፋርሃት ሐሼድ በ1914 ከርከና በተባሉት ደሴቶች ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ተወለደ። በትራንስፖርት ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ በፈረንሳዮቹ ማኅበር በኩል ወጣ፤ ኋላ ግን ፈረንሳዮቹ ቱኒዚያዊውን ሠራተኛ እንደ ታናሽ ወንድም እንደሚያዩት ሲገባው ጥሎ ወጣና በጃንዋሪ 1946 የቱኒዚያ ጠቅላላ ሠራተኞች ኅብረት የሚባለውን አቋቋመ። በ1952 ፈረንሳይ ሐቢብ ቡርጊባንና ሌሎቹን የፓርቲ መሪዎች ሰብስባ ስታስርና ስታግዝ፣ ያልታሰረው ሐሼድ የነፃነት ንቅናቄውን በእጁ አደረገ። ዲሴምበር 5 ቀን 1952 ጠዋት ራዴስ አጠገብ መኪናው ላይ ተኩሰው ገደሉት። ገዳዮቹ «ቀይ እጅ» የሚባል ከፈረንሳይ የስለላ ሰዎች ጋር የተሳሰረ ቡድን ነበሩ። በሐዘኑ ከቱኒስ አልፎ ካዛብላንካ ድረስ ሕዝብ ወጣ፤ እዚያም ብዙ ደም ፈሰሰ።

ይህ ሞት ለማኅበሩ አንድ ነገር አተረፈለት። ነፃነት በ1956 ሲመጣ ቡርጊባ «አገሪቱን እኔ ነፃ አወጣኋት» ብለው ብቻቸውን ሊናገሩ አልቻሉም። ሰማዕቱ የማኅበሩ ነበር። በሌሎቹ አገሮች ማኅበሩ የፓርቲው ልጅ ነው፤ ቱኒዚያ ውስጥ ወንድሙ ነበር። በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሌሎቹ አገሮች የሆነውን በአጭሩ ልንገር፤ ብዙም አይለያይም። ጋና ውስጥ የሴኮንዲ-ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞች በ1950 በአድማ ከነፃነት ንቅናቄው መሪ ከንክሩማ ጎን ቆመው እንግሊዝን አንቀጥቅጠው ነበር። በ1961 እነዚያው ሠራተኞች መንግሥት ከደመወዛቸው በግዴታ ቁጠባ ሲቆርጥ አድማ መቱ፤ ንክሩማ መሪዎቻቸውን አሰሩ። ጊኒ ውስጥም ሴኩ ቱሬ ፕሬዚዳንት በሆኑ በሦስተኛው ዓመት የመምህራን ማኅበር መሪዎችን ወኅኒ አወረዱ። አድማ የመምታትን ጥበብ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ አድማ የመስበርን ጥበብም ከማንም በላይ ያውቃል። ምክንያታቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ አገሩ አሁን የእናንተው ነው፤ በማን ላይ ነው የምታድሙት?

ለዚህ ምክንያት ምሁራዊ ልብስ ያለበሱለትም ነበሩ። ፍራንዝ ፋኖን በ1961 በታተመው መጽሐፉ በቅኝ አገሮች ያለው የከተማ ሠራተኛ ከገበሬው ጋር ሲነጻጸር የተቀማጠለ ነው፣ ከለውጡ ይልቅ የሚያጣው ይበዛል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሚገርመው ፋኖን ከ1957 ወዲህ ይኖር የነበረው ቱኒስ ነው፤ የሐሼድ ስም ትኩስ በነበረበት ከተማ። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ዝናብ ከሚጠብቀው ይሻላል። ነገር ግን የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የስንት ሰው እንጀራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ክስ እንዲሁ አይቀበለውም። የማዕድን ቆፋሪው ደመወዝ ገጠር ያለችው እናቱ ዘንድ ይደርሳል፣ የወንድሙን ልጅ ያስተምራል፣ በር ላይ አትክልት የምትሸጠውን ሴት ያኖራል። የዳቦና የዱቄት ዋጋ ሲንር ማኅበርተኛውና ሥራ አጡ አብረው አደባባይ የሚወጡትም ለዚህ ነው።

ዛምቢያ ውስጥ የታየው ይኸው ነው። በዲሴምበር 1986 መንግሥት በዓለም የገንዘብ ድርጅት ግፊት የዱቄት ድጎማውን ሲያነሳ የመዳብ ቀበቶ ከተሞች ነደዱ፤ 15 ያህል ሰው ሞተ፤ ካውንዳ ዋጋውን መለሱት። በጁን 1990 እንደገና ሞከሩ፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ሉሳካ በረብሻ ታመሰች፤ አንድ መቶ አለቃ ሬዲዮ ጣቢያውን ይዞ መንግሥት ገለበጥሁ ሲል ሕዝቡ እውነት መስሎት ጨፈረ። መፈንቅለ መንግሥቱ በሰዓታት ከሸፈ፤ ጭፈራውን ግን ካውንዳ አዩት። በዚያው ክረምት የማኅበር መሪዎች፣ ጠበቆችና ነጋዴዎች ጋርደን ሃውስ በተባለ ሞቴል ተሰብስበው የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ንቅናቄን አቋቋሙ። ቺሉባ ኋላ መሪው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መተረክ ደስ አይልም። ቺሉባ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ብዙ የትግል ጓዶቹ ተከትለውት ገቡ፤ የኮንግረሱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኒውስቴድ ዚምባ ሚኒስትር ሆኑ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል ዛምቢያም ሳይደርስ አልቀረም። አዲሱ መንግሥት ካውንዳ በመንገድ ላይ ረብሻ ፈርተው የተዉትን ሁሉ ፈጸመው፤ የዱቄት ድጎማው ተነሳ፣ የመንግሥት ድርጅቶች ተሸጡ፣ በመጨረሻም እስከ 2000 ድረስ የመዳብ ማዕድኖቹ ራሳቸው ወደ ግል ተዛወሩ። ማዕድን ቆፋሪ ሆኖ ከቀጠለው ይልቅ ከሥራ የወጣው በለጠ። በ1993 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በአንድ የሥራ ዘርፍ አንድ ማኅበር የሚለውን አሮጌ ደንብ አነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ የማዕድን ሠራተኞቹና ሌሎች ከኮንግረሱ ተገንጥለው ወጡ።

ሕዝቡ ለምን እንደ 1986 አልተነሣም? አንዱ መልስ ድካም ነው፤ ካውንዳን ማንም መልሶ አይሻም ነበር። ሌላው ግን ማኅበሩ ራሱ ነው። ሠራተኛውን አስተባብሮ «እምቢ» ሊል የሚችለው አንድ ድርጅት ምርጥ ሰዎቹን ለመንግሥት ሰጥቷል፤ የቀሩትም «የእኛው ሰው ነው፣ ትንሽ እንታገሠው» እያሉ ነው። ካውንዳ በእስር ያልቻሉትን ቺሉባ በወዳጅነት ቻለው።

የቱኒዚያው ማኅበርም ንጹሕ አልነበረም፤ የሚያመልኩት ሰዎች ይህን ይረሳሉ። በጃንዋሪ 26 ቀን 1978 ሐቢብ አሹር የሚባሉት ዋና ጸሐፊ አጠቃላይ አድማ ጠሩ፤ ወታደር ወጣ፤ ቀኑ በጥይት ስለ አለፈ «ጥቁር ሐሙስ» ተባለ። አሹር እስር ቤት ገቡ። በ1985 ደግሞ መንግሥት ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የአባልነት መዋጮ ቆርጦ ለማኅበሩ ማስተላለፉን አቆመ። ይህች የቢሮ ጉዳይ የምትመስል እርምጃ ከጥይት ያላነሰ ጉዳት አላት፤ መዋጮህን የሚሰበስብልህ አሠሪህ ከሆነ፣ አሠሪህ ደግሞ መንግሥት ከሆነ፣ የቧንቧው መዝጊያ በማን እጅ እንዳለ ግልጽ ነው። በፕሬዚዳንት ቤን አሊ ዘመን የላይኛው አመራር ይህን ትምህርት ደህና አድርጎ ተምሮ ነበርና በ2009 ምርጫ ቤን አሊን ደገፈ። በ2008 በጋፍሳ ፎስፌት አካባቢ፣ ረደየፍ ላይ፣ ሥራ አጦች ቅጥሩ በዘመድ ተካሄደ ብለው ሲነሡ ከተከሰሱት መካከል የአካባቢው የማኅበር አለቆችም ነበሩበት። አመፁን የመሩት አድናን ሐጂም ግን የዚያው ማኅበር አባልና መምህር ነበሩ።

ይህ ሁለት ፊት ነው ኅብረቱን ያዳነው። ላይኛው ፎቅ ከመንግሥት ጋር ሻይ ሲጠጣ፣ በየወረዳው ያለው የማኅበር ቤት በመምህራን፣ በፖስታና በጤና ሠራተኞች ተሞልቶ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። በዲሴምበር 17 ቀን 2010 ሲዲ ቡዚድ ላይ መሐመድ ቡአዚዚ ራሱን ሲያቃጥል፣ ሟቹ አትክልት ሻጭ እንጂ የማንም ማኅበር አባል አልነበረም። ቁጣውን ከከተማ ወደ ከተማ ያሻገሩት ግን የአካባቢው የማኅበር ሰዎች፣ በተለይም መምህራኑ ናቸው፤ ሰልፈኛው የሚሰበሰበውም ከማኅበሩ ቤት ደጃፍ ነበር። ቱኒስ ያለው አመራር አመነታ፤ በመጨረሻ ለየአውራጃው አድማ ፈቃድ ሰጠ። ጃንዋሪ 12 ቀን ስፋክስ ከተማ በአድማ ተዘጋች፤ ጃንዋሪ 14 ቱኒስ ተከተለች፤ በዚያው ምሽት ቤን አሊ በአውሮፕላን አገር ለቅቀው ሄዱ።

ዛምቢያና ቱኒዚያ የተለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። በተቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት ውስጥ ሦስት የኅብረቱ ሰዎች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ የቤን አሊ ሰዎች ቁልፍ ቦታ ላይ መቀመጣቸውን ከሥር ያለው አባል ሲቃወም፣ በተሾሙ ማግሥት ሥልጣናቸውን ለቀው ወጡ። ኅብረቱ ፓርቲ አላቋቋመም፤ ለምርጫም አልቀረበም። ብዙ ሰው ይህን ፍርሃት ብሎት ነበር። በ2013 ሁለት የተቃዋሚ ፖለቲከኞች፣ በፌብሩዋሪ ሹክሪ በልዒድ፣ በጁላይ መሐመድ ብራህሚ፣ ተገድለው አገሪቱ ወደ ግብፅ ዓይነት የመፈንቅለ መንግሥት መንገድ ስታዘነብል ግን ሁሉም ፓርቲዎች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ያለው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዋና ጸሐፊው ሑሴን አባሲ የአሠሪዎቹን ማኅበር፣ የሰብዓዊ መብት ሊጉንና ጠበቆቹን አስተባብረው፣ ሥልጣን ላይ የነበረው እስላማዊ ፓርቲ ቦታውን ለባለሙያዎች መንግሥት እንዲለቅ፣ ሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤም ሥራውን እንዲጨርስ አደረጉ። ልመና ብቻ አልነበረም፤ አድማ ቢጠሩ አገር እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 ነው፤ ከጥቁር ሐሙስ 36 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን። በ2015 አራቱ ድርጅቶች የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ።

ይህ ማለት ቱኒዚያ ዳነች ማለት አይደለም። በጁላይ 2021 ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ምክር ቤቱን ሲያግዱ ኅብረቱ መጀመሪያ ላይ አልተቃወማቸውም፤ በዚያው ሰሞን የራሱን መተዳደሪያ ደንብ አሻሽሎ መሪዎቹ ከሁለት ዘመን በላይ እንዲመረጡ ፈቀደ። ከፕሬዚዳንቱ ጋር የተቃቃረው ኋላ ነው፤ የማኅበር ሰዎች መታሰርም ተከተለ። ደጃፍ ላይ መቆም ጉልበት ይሰጣል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

የእኛስ? የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ሲመሠረት ከወንጂ ስኳርና ከድሬዳዋ ባቡር የተነሣ ልምድ ነበረው፤ መንግሥት ግን እንደ በጎ አድራጎት ማኅበር ሊያየው ፈለገ። በየካቲት 1966 ነዳጅ ተወደደ፣ ታክሲዎች ቆሙ፣ መምህራን ወጡ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወደቀ። ማኅበሩ የካቲት 28 በታሪኩ የመጀመሪያውን አጠቃላይ አድማ ጠርቶ አራት ቀን ያህል ፋብሪካውን፣ ባቡሩን፣ ባንኩን አቆመ። ካቀረባቸው 16 ጥያቄዎች ውስጥ የደመወዝ ወለልና የመደራጀት ነፃነት ይገኙበታል። አዲሱ የእንዳልካቸው መንግሥት ተቀብያለሁ አለ።

ደርግ በመስከረም 1967 ሥልጣን በያዘ ሳምንት ማኅበሩ ጉባኤ ጠርቶ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም አለ፤ ሊቀ መንበሩ በየነ ሰሎሞን ከባልደረቦቻቸው ጋር ታሰሩ። በመስከረም 1968 ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የማኅበሩን መግለጫ ሲበትኑ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ተተኮሰ፤ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። በ1969 መንግሥት የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን በቦታው አቆመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ በወራት ውስጥ በከተማው በነበረው የፖለቲካ ግድያ ሞቱ። አንዱ ማኅበር ደጃፉ ላይ ስለ ቆመ ፈረሰ፣ ሁለተኛው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስለ ተወለደ በጥይት መካከል ወደቀ። እንደ ሐሼድ ያለ፣ መንግሥት ሊነጥቀው የማይችለው የነፃነት ትግል ታሪክ ማኅበሮቻችን አልነበራቸውም። ጊዜም አላገኙም፤ ከየካቲቱ አድማ እስከ መፍረሱ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደንቡ እንዲወጣ ሲወተውት ዓመታት ተቆጥረዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛውና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ ደግሞ የዚህ አዋጅ ተጠቃሚ አይደሉም፤ ቱኒዚያ ውስጥ የአውራጃ የማኅበር ቤቶችን የሞሉት እነሱ ነበሩ።